የኋለኛው ሰው ይሰማል ወይ?

የአያ ቢያድግልኝን ሞት ከሰው ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ማለዳ ተነሥቶ ከጎንደር ፒያሳ በታች ካለው ቁልቁለት ላይ ቆሞ ነፍቶ ኖሯል። ነፋሱ ደግሞ ከእኛ ሰፈር ወደ እሱ ይነፍስ ነበርና ጩኸቱን ሁሉ መልሶ አፉ ውስጥ ከተተለት። እኔ ደጄ ላይ ተቀምጬ ጥርሴን እፍቃለሁ። ጎረቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣችና፣

«ምነው አንቺ፣ እስካሁን አልተነሣሽም? አልሰማሽም እንዴ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አያ ቢያድግልኝ እኮ ዐረፈ!»

እንባ ከመምጣቱ በፊት ንዴት መጣብኝ። የዚያን ሰው ሞት ነፋስ ሳያይ የሚጮኽ ጡሩንባ ነፊ ያውጀው? ሃምሳ እርምጃ ወደ ላይ ወጣ ቢል መላው አራዳ ይሰማው ነበር። አያ ቢያድግልኝ በሕይወት ቢኖር ከአልጋው ተነሥቶ ሰውየውን በክንዱ ይዞ ቦታውን ያሳየው ነበር። ከዚያ ወዲያ ተመልሶ ይሞታል።

ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ያወቅሁት በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ጎንደር ውስጥ ያለ አያ ቢያድግልኝ በዓል አይቆምም። ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ድልድይ ሲመረቅ፣ ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ሲመጣ ዳሱን የሚያስጥለው፣ ምንጣፉን ከየነጋዴው ቤት ለምኖ የሚያስነጥፈው፣ ወንበሩን የሚደረድረው እሱ ነው። ከሁሉም በላይ ድምፅ ማጉያውን የሚያቆመው እሱ ነው። ማጉያው ጣሊያን ጥሎት የሄደ ትልቅ ሣጥን ነበር፤ ሁለት ሰው ይሸከመዋል፣ ሲሞቅ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። ከእሱ ጋር ዋርካ ወይም ምሰሶ ላይ የሚሰቀሉ ሁለት ጡሩንባዎች ነበሩት። እኔ ማዘጋጃ ቤት የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነበርኩ። የሹማምንቱን ንግግር በመኪና የምመታው እኔ ስለሆንኩ፣ በበዓል ሰሞን ከእሱ ጋር ስንጨቃጨቅ ነበር የምንውለው።

ረጅም ነው። የካኪ ኮቱ ኪሶች ብሎንና የሽቦ ቁራጭ ስለሚሞላባቸው ሲራመድ ይንሿሿል። ሲያወራ ደግሞ ይጮኻል፤ «እንደምን አደርሽ» ሲለኝ መንገድ ማዶ ያሉት ሰዎች «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ከተማው «የድምፅ ሰው አይደል፣ ምን ይደረግ» ብሎ ትቶታል። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አንቱ ስለው፣ «ተይ እታለም፣ አንተ በይኝ፤ አጭሩ ይሻለኛል» አለኝ። ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ብልሃቱን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ሁለት ባላባቶች ከሹሙ በስተቀኝ ያለችው የመጀመሪያ ወንበር የእኔ ናት፣ የእኔ ናት ተባብለው ሳምንት ሙሉ ሽማግሌ ሲያመላልሱ ከረሙ። አያ ቢያድግልኝ ዳሱን ሁለት በር አድርጎ ሠራው። ወንበሮቹን እንደ ግማሽ ጨረቃ አዞራቸው። አንዱን በዚህ በር፣ ሌላውን በዚያ በር አስገባቸው። ሁለቱም ሲገቡ የመጀመሪያዋን ወንበር አገኙ። ሁለቱም እስኪሞቱ ድረስ ያሸነፉ ይመስላቸው ነበር።

ማጉያውን ሲሞክር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ማይክሮፎኑን ይዞ «ሀ!» ይላል። እንግዲህ የዚያን ጊዜ የጎንደር ሰው የቄስ ትምህርት ቤት አለንጋ ያልቀመሰ የለም፤ «ሀ» የሚል ሲሰማ አፉን ሊይዘው አይችልም። አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው አጠገብ በዓል ነበረና አያ ቢያድግልኝ «ሀ!» አለ። ገበያው በሙሉ «ሀ!» ብሎ ተቀበለው። «ሁ!» አለ። «ሁ!» አሉ። በርበሬ የምትሰፍረዋ ሴት ስፍሯን አስቀምጣ፣ አህያ የሚነዳው ሰውዬ አህያውን አቁሞ፣ ሁሉም አንገቱን እያወዛወዘ ይቀበላል። ፊደል ተጀምሮ መካከል ላይ ማቋረጥ ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው። ሹሙ ወረቀታቸውን ይዘው ቆመው፣ ሕዝቡ እስከ ፐ ድረስ ዘልቆ ጨረሰ። እሱ የሁሉንም አፍ እያየ ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር። በኋላ ቢቆጡት፣

«ጌታዬ፣ ሹም የሚናገረው ለፊት ወንበር ነው። እኔ የምሠራው ለኋለኛው ሰው ነው። አፉ ሲከፈት ካላየሁ እንዴት አውቃለሁ?» አላቸው።

የኋለኛው ሰው! ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረውም። በዚሁ በኋለኛው ሰው ምክንያት ነው እኔ መከራዬን ያየሁት።

አንድ ቀን መጥቶ፣ «እታለም፣ ንግግሩን በቃልሽ ታውቂዋለሽ፤ ቃሉ ሲበላሽ ከሰው ሁሉ ቀድመሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ። በበዓል ቀን ከሰዉ ሁሉ ኋላ፣ ከፍ ካለ ቦታ ቁሚልኝ። ካልተሰማሽ ጃንጥላሽን ዘርጊ። ከተሰማሽ አጥፈሽ ያዢ» አለኝ። እሺ አልኩ፤ ምን ያቅተኛል ብዬ። ለካስ ነገሩ ሌላ ነው። የጥር ፀሐይ አናቴን እየበሳው፣ ጃንጥላ በእጄ ይዤ መዘርጋት አልችልም! ብዘረጋው ሰውየው ያልተሰማኝ መስሎት ማጉያውን ያስጮኸዋል። ከተማው «የማዘጋጃ ቤቷ ጸሐፊ ለይቶላታል፤ ጃንጥላ ይዛ ፀሐይ ትሞቃለች» ይል ጀመር። እናቴማ ጠበል ልትወስደኝ ነበር።

እንዲህ በቆምኩ በማግስቱ፣ ፊቴ ተልጦ፣ ማጉያው ወደሚቀመጥባት የጓሮ ክፍል በንዴት ገባሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሽቦ ይጠመጥማል።

«አንተ ልብ የለህም ወይ? ሰው ነኝ ወይስ ብቅል፣ ፀሐይ ላይ የምታሰጣኝ?» አልኩት። ዝም። «አንተን እኮ ነው!» ዝም። እኔ መቼም ምላሴን አልችለውም፤ የባሰ ተናደድኩና በሕይወቴ ያወቅሁትን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። «የሊማሊሞ ዝንጀሮ!» እስከማለት ደረስኩ። እሱ በአፍንጫው እያዜመ ሽቦውን ይጠመጥማል። እጄን ሳወናጭፍ ብሎን የሞላ ቆርቆሮ ከመደርደሪያው ላይ መታሁ። ወድቆ ሲበተን የጓሮው ውሾች በሙሉ ጮኹ። አያ ቢያድግልኝ ንቅንቅ አላለም።

አንዲት ብሎን ተንከባላ እግሩ ሥር ደረሰች። ጎንበስ ብሎ አያትና ዞረ። እኔን አየ፣ የተበተነውን አየ፣ ፊቴን አየ። ወዲያው በሩን ዘጋ።

«አወቅሽብኝ» አለ፤ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኽ ሲናገር ሰማሁት።

ሊማሊሞን ለመንገድ ሲፈለፍሉ ደማሚት አጠገቡ ፈንድቶ ነው። «ግራ ጆሮዬ ያን ዕለት ሄደ። ቀኙ ደግሞ ቀስ እያለ ተከተለው፤ ወንድማማቾች አይደሉ?» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሰው ሲያወራ ከንፈሩን እያየ እንደሚያነብ ነገረኝ። አንቱታ ከንፈር ላይ ስለሚረዝም ያስቸግረዋል።

«ታዲያ ደንቆሮ ሰው በምን ሒሳብ ድምፅ ሥራ ውስጥ ገባህ?»

«አንቺ ሰው ሲስቅ፣ ምን እንዳሳቀው ሳታውቂ አብረሽ ስቀሽ ታውቂያለሽ? እኔ ዕለት ዕለት እንደዚያ ነኝ። የኋለኛው ሰው እኔ ነኝ እኮ፣ እታለም። ሌላው እንደኔ እንዳይሆን ነው የምደክመው።» ቀጠለና፣ «በሞትኩት፣ የእንጀራ ገመዴን እንዳትበጥሽብኝ። ደንቆሮ ማጉያ ያዘ ከተባለ ከሥራም እወጣለሁ፣ መሳቂያም እሆናለሁ» አለኝ።

ማልኩለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ፀሐይ አንድ ቃል ተንፍሼ አላውቅም።

ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከዚያ የዘይት ፋብሪካው መጣ። በአዘዞ መንገድ ዳር ኑግ የሚጨምቅ ፋብሪካ ተሠራና፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምሴ የሚባል፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሲጋራ ከከንፈሩ የማይለይ ወፍራም ሰው ነበር። ለምረቃው ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ይመጣሉ ተብሎ ማዘጋጃ ቤቱ አያ ቢያድግልኝን መደበለት። አቶ ደምሴ ማጉያውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ሲጋራውን እንደነከሰ፣

«ይሄ ሣጥን ስንት ዓመቱ ነው?» አለ።

ሲጋራ በነከሰ ከንፈር ላይ ምን ይነበባል? አያ ቢያድግልኝ ፈገግ ብሎ፣ «አምስት ናቸው፤ ትልቋ አግብታለች» አለ።

አቶ ደምሴ ወደ እኔ ዞረ። «ሰውየው ይሰማል?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ቀልደኛ ነው እንጂ!» አልኩ። ሳቄ ለራሴም አላማረኝም።

አላመነኝም፤ ሄዶ ለሹሙ ተናገረ። በሳምንቱ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ጠሩኝና ደብዳቤ አስመቱኝ። አያ ቢያድግልኝ ከሥራ መሰናበቱን፣ በምትኩም ከአስመራ አዲስ መሣሪያ ያለው ሰው መቀጠሩን የሚገልጽ ነው። ገና አልፈረሙበትም። «ምረቃው ካማረ እንቀደዋለን፤ አንዲት ነገር ከተበላሸች ግን ይወጣል» ብለው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ያን ደብዳቤ በእነዚህ ጣቶቼ ነው የመታሁት። ለእሱ ልነግረው ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። እጁ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ሁሉም ነገር ይበላሻል ብዬ ፈራሁ።

ቀኑ የግንቦት ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ያለ። ዳሱ አምሯል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ጡሩንባዎቹ ባሕር ዛፍ ላይ ተሰቅለዋል። ሕዝቡ ከዳባትም፣ ከጭልጋም፣ ከከተማውም መጥቶ ሜዳውን ሞልቶታል። እኔ ለበዓሉ ብዬ ሹሩባ ተሠርቻለሁ፤ ከሰዉ ሁሉ ኋላ አንዲት ድንጋይ ላይ ቆሜ ጃንጥላዬን አጥፌ ይዣለሁ። እንግዳው ንግግራቸውን ጀመሩ። እያንዳንዷ ቃል ጥርት ብላ ደረሰችኝ። አያ ቢያድግልኝ ከሩቅ አየኝ፤ ሁሉ ደህና መሆኑን አየ። ልቤ መለስ አለ።

ንግግሩ ሊያልቅ ሲል ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዶፍ ወረደ። እንግዲህ እኔ ምን ልበላችሁ! ሹሩባዬን አስቤ፣ ሳላስበው፣ እጄ ጃንጥላዋን ዘረጋት። ከፊቴ ያለው ሕዝብም እንዲሁ። ሜዳው በአንድ አፍታ ጃንጥላ ብቻ ሆነ፤ ዳሱም ስለሚያፈስ ፊት ወንበር ላይ ሳይቀር ጥላ ተዘረጋ።

ከማጉያው አጠገብ ሆናችሁ እዩት እስቲ፤ ከተማው በሙሉ «አልተሰማንም!» ያለ ነው የሚመስለው። አያ ቢያድግልኝ ደንግጦ የድምፁን መዘውር አዞረው። ጡሩንባዎቹ አጓሩ። እኔ ስህተቴ ገብቶኝ ጃንጥላዬን ወዲያው አጠፍኩ፤ ግን ከፊቴ ባሉት ጃንጥላዎች ተሸፍኛለሁ፣ ማን ያየኛል? እሱ ይበልጥ አዞረው። እንግዳው ንግግራቸውን ጨርሰው ተቀምጠው ነበር። ማይክሮፎኑ ጠረጴዛው ላይ፣ በእሳቸውና በአቶ ደምሴ መካከል ቆሟል። አቶ ደምሴ አፉን በእጁ ከልሎ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለና አንሾካሾከ። ሹክሹክታው በሁለት ጡሩንባ እንደ ነጎድጓድ ወጣ፤

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ክቡርነትዎ። ማጉያ የያዘው ሰውዬ ደንቆሮ ነው፤ ምንም አይሰማም። ደብዳቤው ተጽፏል፤ ነገ ይባረራል።»

ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ሁሉ ሺህ ሕዝብ፣ ከፊት ወንበር እስከ እኔ ድንጋይ፣ ያልሰማ የለም፤ ከአንድ ሰው በቀር። ሁሉም ዞሮ አያ ቢያድግልኝን አየው። እሱ ጃንጥላዎቹን እያየ፣ ላቡን እየጠረገ፣ መዘውሩ ላይ እጁን ጭኖ ቆሟል።

ያኔ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። ምላሴን እችለዋለሁ ያልኩት ሰው የለም።

«ጃንጥላችሁን እጠፉ!» ብዬ ጮኽኩ። «እጠፉ እንጂ! የሚሰማው በጃንጥላ ነው! ከተዘረጋ አልተሰማም ማለት ነው! እጠፉለት!»

ከፊቴ የቆመው የዳባት ገበሬ ዞሮ አየኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ፀሐይ ስሞቅ ያዩኝ የከተማው ሴቶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ለካስ ለዚህ ነው!» አለች አንዷ፤ ወዲያው አጠፈች። ገበሬው አጠፈ። አንድ ቄስ አጠፉ። ከእኔ ድንጋይ ጀምሮ ወደ ፊት፣ ረድፍ በረድፍ፣ ጃንጥላው ሁሉ ወረደ። ዶፉ ሰዉን እየደበደበው፣ አዲስ ነጠላ ሰውነት ላይ እየተጣበቀ፣ አንድ ሰው እንኳን አልተንቀሳቀሰም። ሹሩባዬማ ያን ቀን ሄደ።

አያ ቢያድግልኝ ቀና ብሎ ሜዳውን አየ። እኔን ድንጋይዋ ላይ አየኝ፤ ጃንጥላዬን አጥፌ እንደ ጅራፍ ከፍ አድርጌ ይዣለሁ። መዘውሩን ቀስ አድርጎ መለሰው።

እንግዳው «ምን ማለታቸው ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ጥያቄያቸውም በማጉያው ወጣ። የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ «ይሰማል ማለታቸው ነው፣ ጌታዬ» አሉ። እንግዳው ጥላ የያዘላቸውን አሽከር «እጠፈው» አሉት። አቶ ደምሴ ብቻውን ጥላ ሥር ቀረ። ግራ ቀኙን አየና እሱም አጠፈ፤ ሲጋራው ረጥቦ ከከንፈሩ ላይ ተሰበረ።

ደብዳቤው አልተፈረመም። ሹሙ በማግስቱ አውጥተው፣ አፍረው፣ «ይቺን ወረቀት አስወግጃት» አሉኝ፤ እኔም ምድጃ ውስጥ ከተትኳት።

ያን ዕለት ግን ማጉያውን ጭነን በእግራችን ወደ ከተማ ስንመለስ፣ አያ ቢያድግልኝ ፊቴን እያየ፣ «እታለም፣ ወፍራሙ ሰውዬ ምን አለ? አፉን ከለለብኝ» አለኝ።

«ድምፁ ሸጋ ነው አለ» አልኩት።

«ውሸታም! ድምፅ ሸጋ ሲሆን ሰው ወደ ተናጋሪው ነው የሚያየው። ዛሬ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ጆሮ አጣሁ እንጂ ዓይን አላጣሁም።»

ያለቀስኩት ያኔ ነው። ነገርኩት፤ ቃል በቃል፣ ከንፈሬን እያሳየሁ። ሰምቶ ሲጨርስ መንገዱ ላይ ቆመ።

«ሁሉም ሰማው?»

«ሁሉም።»

«የኋለኛው ሰውም?»

«የኋለኛውም።»

«ያን ዶፍ አልፎ?»

«ያን ዶፍ አልፎ።»

«እንግዲያውስ ሥራዬን ሠርቻለሁ» አለና፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ድረስ ሳቀ። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ሠራ። ጎንደር የእሱን መደንቆር እያወቀ፣ እሱም ማወቃቸውን እያወቀ፣ ማንም ምንም አላለውም። ለውጡ አንድ ብቻ ነው፤ በበዓል ቀን ጃንጥላ አጥፋ የምትቆመው እኔ ብቻ መሆኔ ቀረ። ከኋላ የቆመ ሁሉ ጃንጥላውን አጥፎ ያሳየዋል። አንዳንዱማ ጃንጥላ የሌለው ዱላውን ያነሣለት ነበር።

ቀብሩ ላይ ዘነበ። የክረምት ቀን ነው፣ ምን ይደረግ። የሕይወት ታሪኩን የሚያነበው የመጨረሻ ልጁ ነው፤ ድምፁ ቀጭን፣ ልቅሶ የያዘው። ማጉያ የለ። እኔ እግሬ ስለማይረዳኝ ከሰዉ ሁሉ ኋላ ቀርቻለሁ፤ ጃንጥላዬን ዘርግቻለሁ። ወረቀቱ ሲነበብ ከንፈሩ ብቻ ይታየኛል።

ጃንጥላዬን አጠፍኩ። ከግራዬ ያለ አንድ ሽማግሌ አየኝና እሱም አጠፈ። ከፊታችን ያሉ ሁለት አሮጊቶች አጠፉ። ወጣቶቹ ግራ ገብቷቸው ያዩናል። አጠገቤ የቆመች አንዲት ልጅ የራሷን ጃንጥላ ወደ እኔ እያስጠጋች፣ «እማማ፣ ዝናቡ ይመታዎታል እኮ፤ ምነው?» አለችኝ።

«ተይኝ ልጄ፤ ይሰማል ለማለት ነው» አልኳት።

እውነቱን ለመናገር ልጁ ካነበበው አንዲት ቃል እንኳን አልደረሰችኝም። ግን ያን ቀን ጃንጥላ ዘርግቼ አያ ቢያድግልኝን ከመቃብሩ አላስነሣውም።